የአርባ ሦስት ሴኮንድ ስሕተት

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ቢሻው አድማሴ
የኪነት ጉዳይ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ሆይ፤

ይህ ጽሑፍ በእጅዎ ሲገባ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ ወንድም ካለዎትም ወንድምዎ፣ ማታ በየአልጋችሁ ገብታችሁ ጧት ከየአልጋችሁ የተነሣችሁ፣ አንድም ሰው ያልጎደለባችሁ ሆናችሁ እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። የእኔን ጤና እንደጠየቁኝ ቆጥሬ፣ ደህና ነኝ እላለሁ። እናቴ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤልም ጉልበቷ ቢያስቸግራትም፣ በክፍልዎ ድምፅ ማጉያ ኃይል እስካሁን ቆማ ትሄዳለች፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እገልጻለሁ።

ለመጻፍ የተነሣሁት በራሴ ድፍረት አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ክፍልዎ በኅብረት ሱቃችን ግድግዳ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ፣ ሰፊው ሕዝብ «ጉዞ በኅብረት» በተባለው አዲስ ካሴት ላይ ገንቢ ሂሱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ሂሱም በሁለተኛው ቅጂ ላይ ለሚደረገው እርማት እንደሚረዳ ይገልጻል። እሰይ! «ሐሳብሽ ምንድን ነው?» ብሎ የመንግሥት ወረቀት ከጠየቀኝ ስንት ዘመኔ! ስኳር ለመውሰድ የተሰለፍን ሴቶች ሁሉ አንብበን፣ አንዳችን የሌላችንን ፊት አይተን፣ ስኳራችንን ይዘን ወደየቤታችን ገባን። እኔ ግን ስኳሩን አስቀምጬ ብዕር አነሣሁ።

በምን ሙያሽ ነው ስለ ሙዚቃ የምታወሪው እንዳይሉኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በሆስፒታል ካርድ ክፍል የምሠራ የመዝገብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ የአንዱ ሰው ስም ከሌላው ሰው በሽታ ጋር እንዳይገናኝ መጠበቅ ነው። በሙዚቃ በኩል የምስክር ወረቀት የለኝም፤ ያለኝ ጆሮ ብቻ ነው። ጆሮዬን ያሠለጠነው ሰው ማን እንደነበረ ግን ክፍልዎ ሳያውቅ አይቀርም። ካላወቀም ዛሬ ያውቃል። እንግዲህ ሂሴ ይህ ነው፦

፩ኛ. በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ትራክተሩ ከሰሜን እስከ ደቡብ ሲያርስ ይሰማል። ድምፁ ጉልበት አለው፤ አልክድም። የእናቴ ዘመዶች ከትክል ድንጋይ ለገበያ መጥተው ይህን ሲሰሙ፣ ምነው ይሄ ነገር በእኛ በኩል ሲያልፍ ተኝተን ኖሯል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለጊዜው በካሴቱ ውስጥ እያረሰ እንደሆነ አስረዳኋቸው። እነሱም ሸጋ ነው፣ እዚያ ውስጥ ከሆነስ ድርቆሽም አይፈልግ ብለው አህዮቻቸውን ነድተው ሄዱ። ሰፊው አርሶ አደር ለኪነት ያለውን ግንዛቤ እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

፪ኛ. በሁለተኛው ዘፈን ላይ «ወደፊት» የሚለው ቃል ዘጠና ስድስት ጊዜ ተደግሟል። ቆጥሬዋለሁ፤ የመዝገብ ሰው ምን ሥራ አለው። በመካከሉ የተለቀቀው ማሲንቆ ግን አሳዘነኝ። ማሲንቆ እኮ በጠባዩ ትናንትን ካላስታወሰ ድምፅ አይወጣውም፤ ሰልፍ ላይ አሰልፋችሁት ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ሲል፣ እግሩ የተቆረጠ ወታደር ይመስላል። አገራችን ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ እንብላው እንብላው ነው የምትለውን ተረት እዚህ ላይ መጥቀስ ባያስፈልግም ጠቅሻታለሁ፤ ሆድ ይፍጀው ማለት አልችልበትም።

፫ኛ. ጊታር። ጓድ ሆይ፣ በዚህ ላይ ትንሽ ዘለግ ካልኩ ይቅርታዎን አስቀድሜ እወስዳለሁ። የኪነት ጓዱ ጊታሩን የያዘው እግሯ ታስሮ ገበያ እንደወጣች ዶሮ ነው፤ እሷም ትጮኻለች፣ እሱም ይጨነቃል። ልጁ ላይ አልፈርድም፤ ያስተማረው የለም። ሊያስተምረው ይችል የነበረውን ሰው ደግሞ ከዚህች ከተማ የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ።

ወንድሜ አንዳርጋቸው ቢያዝን ይባላል። «ይባል ነበር» ብለሽ ጻፊ ብሎ እስካሁን ያዘዘኝ ባለሥልጣን ስለሌለ «ይባላል» ብያለሁ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ጊታርና አሥራ አንድ ሸክላ ትቶለት ሄደ። ለእናታችን «እማ፣ አሥራ አንድ ሸክላ አገኘሁ» ቢላት፣ ከወለቃ እንስራና ድስት የገዛ መስሏት ጓዳውን ጠርጋ፣ መደቡን ለቅልቃ ጠበቀችው። ጥቁር ሳህን የመሰለ ነገር ተሸክሞ ሲገባ አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃኑ አየችና፣ «ምነው ልጄ፣ ይሄማ ወጥ አይዝም፤ መሐሉ ቀዳዳ ነው» አለችው። ቤታችን እንደዚያን ቀን የሳቀበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከአሥራ አንዱ ሸክላ ስድስቱ በእርጅና የሚንጫጩ፣ አንድ ሽማግሌ በአንድ ጊታር ብቻውን የሚያንጎራጉርባቸው የጥንት ቅጂዎች ነበሩ። አምስቱ ደግሞ ጠጉራቸውን ያሳደጉ ወጣቶች የእነዚያኑ ሽማግሌዎች ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ ያናወጡባቸው አዳዲሶች ነበሩ። ብሉዝ ይባላል አለኝ፤ የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ ነው። እኔ የአዳዲሶቹ ደጋፊ ነበርኩ፤ ጩኸታቸው ደሜን ያሞቀዋል። እሱ የጥንቶቹ ነበር። በዚህ ነገር ስንጣላ ሳምንት እስከ መኮራረፍ የደረስንበት ጊዜ አለ። ወጣቶቹ ሐዘኑን በጆሯቸው ሰምተው ነው የሚዘፍኑት፣ ሽማግሌው ግን ቤቱ ገብቶበት ነው ይለኝ ነበር። እኔም በንዴት፣ አንተም ሽማግሌ ሆነህ ታየዋለህ እለው ነበር። አፌ ቁርጥ ይበል! ዛሬ ቢጠይቀኝ እጄን እሰጣለሁ፤ የጥንቶቹ ይበልጣሉ፤ ሐዘን ቤቱ የገባበት ሰው ድምፅ ምን እንደሆነ አሁን አውቄዋለሁ። ይህችን ብቻ ልነግረው ስንት ዓመት ፈለግኩት።

በጥር ወር ፲፱፻፷፰ ዓ.ም. አንዳርጋቸው ጊታሩን በትዝታ ቃኝቶ፣ የሽማግሌዎቹን አገራረፍ ጨምሮበት፣ በጓደኛው ትልቅ ቴፕ አንድ ሙሉ ክር ቀዳ። በሳጥኑ ላይ በራሱ እጅ «ብሉዝ — አንዳርጋቸው» ብሎ ጻፈ። የእጅ ጽሑፉ ከሐኪሞቻችን የማይሻል ስለነበረ «ዝ» ሲጽፍ ለማያውቀው ሰው «ይ» ይመስላል። ይህችን ፊደል እባክዎ ልብ ይበሉልኝ፤ የደብዳቤዬ ነገር ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው።

በሚያዝያ ፲፱፻፷፱ ዓ.ም.፣ በአሰሳው ጊዜ፣ አንድ ሰኞ ከቀትር በፊት ጓዶች በማኪና መጡ። ቤታችንን ፈትሸው መሣሪያ አጡ፤ ወረቀትም አጡ፤ ይህን ሳጥን አገኙ። ከመካከላቸው ፊደል የቆጠረው ደህና አድርጎ አነበበና፣ «ብሉ» ትእዛዝ ነው፣ «ዝ» የምሥጢር ምልክት ነው፣ ብሉ የተባሉት እነማን ናቸው፣ የሚበላውስ ማነው ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ ሳቅ አመለጠው። የዚያች ሳቅ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጓዶቹም ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ቢሮ ድረስ መጥቶ እንዲያስረዳ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንደሚፈለግ በትሕትና ገለጹልን። ኮቱን አልለበሰም፤ አምስት ደቂቃ ነዋ! ክሩን እነሱ ያዙት፣ እሱ ከኋላ ተከተለ። እናቴ ምሳውን ከድና አስቀመጠች። ምሳው እስኪሻግት ድረስ አንስተን እንድንደፋው አልፈቀደችም።

፬ኛ. አሁን ወደ ማስታወቂያዎ ልመለስ። በሁለተኛው ቅጂ ከሚታረሙት የቴክኒክ ስሕተቶች መካከል «በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ የሚሰማው አላስፈላጊ ድምፅ ይሰረዛል» ይላል። በትልቅ አክብሮት የምለው ይህ አላስፈላጊ ድምፅ የካሴታችሁ ብቸኛው ሙዚቃ መሆኑን ነው።

በመስከረም መጨረሻ፣ እናቴ ቅዳሜ ገበያ ጌሾ እየገዛች ሳለ፣ የክፍልዎ ድምፅ ማጉያ ካሴቱን ያሰማ ነበር። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ፤ የሚያጠፋው ሰው ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ክሩ ዝም ብሎ ዞረ። ከዚያ ጊታር ጀመረ። ጥቂት ሄደ፣ አንድ ቦታ ላይ የጊታሯን ክር ወደ ላይ ጎተት አድርጎ ሊያስለቅሳት ሲል ጣቱ አዳለጠው፣ ሳቀ፤ ቀጥሎም የሰው ድምፅ፣ «ምነው ቸኮላችሁ? ቆዩ፣ ልድገመው» አለ። እዚያ ላይ ተቆረጠ። አርባ ሦስት ሴኮንድ ነው።

እናቴ ጌሾውን በትና፣ «አንዳርጌ ተፈታ! ልጄ ተፈታ!» እያለች፣ ነጠላዋ ወድቆባት፣ የገበያው ሰው መንገድ እየለቀቀላት፣ ድምፅ ማጉያው ወደተሰቀለበት ቢሮ ሮጠች። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ካሴት ነው፣ እናቴ» ቢላት፣ «ካሴት ነው ትለኛለህ ወይ፣ ልድገመው እኮ እያለ ነው፣ ሳይደግመው የት ትወስዱታላችሁ?» ብላ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ከሥራ ተጠርቼ ሄጄ ያነሣኋት እኔ ነኝ። ጉልበቷ የተጎዳውም ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ካሴቱ በሚሰማባቸው ቀናት ሁሉ እዚያው ድምፅ ማጉያ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትራክተሩን፣ ዘጠና ስድስቱን ወደፊት፣ የታሰረችውን ዶሮ አንድ በአንድ ትሰማለች፤ መጨረሻዋ እንዳያመልጣት። ጓድ ሆይ፣ እርስዎን እጅግ የማመሰግንበት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፤ ባለፈው ወር የቀበሌ ስብሰባ ላይ ክፍልዎ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በዕድሜ ሳይገደቡ አብዮታዊ ዜማዎችን በትጋት በመከታተል አርአያ ሆነዋል ብሎ ስሟን አስጠርቶ አስጨበጨበላት። እሷም ተነሥታ እጅ ነሣች። የተጨበጨበው ለልጇ መስሏታል።

፭ኛ. የወንድሜ ጣት በእናንተ ካሴት ውስጥ ምን ሊያደርግ ገባ? ይህን የነገረኝ የንብረት ክፍላችሁ ሠራተኛ የነበረው አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። ሊቀጡት ቢያስቡ አይድከሙ፤ ሐምሌ ላይ ቀብረነዋል። በሽታው ጠንቶበት እኛ ዘንድ ተኝቶ ሳለ ካርዱን ይዤ ስገባ የአባቴን ስም ሰምቶ አንዳርጋቸው ቢያዝን ምንሽ ነው አለኝ። ከዚያ ነገሩን አወጣው። አያ ኃይለ ጊዮርጊስ በልጅነቱ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበር። ሳጥኑ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ሲሰጠው፣ ያቺን የተንጋደደች «ዝ» አይቶ «ይ» ናት አለ። «ልጄ፣ ብሉዝ የሚባል ነገር ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ የማውቀው ብሉይና ሐዲስ ነው» አለኝ፤ ይህን ሲለኝ እንባው ትራሱ ላይ ይወርድ ነበር። መምህር አንዳርጋቸው የሚባሉ የብሉይ ሊቅ ትርጓሜያቸውን በክር ያስቀዱ መስሎት፣ በመዝገቡ ላይ «ብሉይ፣ የሃይማኖት ትምህርት» ብሎ ጽፎ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። አምና የኪነት ቡድኑ መቅጃ ክር ቢያጣ፣ ለአብዮቱ ከሁሉ ያነሰ የሚጠቅመው የቱ ነው ተባለ፤ ብሉይ ነው ተባለና ተሰጠ። የእናንተ ዘፈን ከክሩ ትንሽ ስላጠረ አርባ ሦስት ሴኮንድ ተረፈች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

አያ ኃይለ ጊዮርጊስን ይቅር ብዬዋለሁ። እኔም በካርድ ክፍል ፊደል ስቼ አውቃለሁ። ነገር ግን አልጋው አጠገብ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ። ወንድሜ የተወሰደው አንዲት ቃል እንዲያስረዳ ነበር አይደል? አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ይህ ቃል ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ መዝገባችሁ ላይ ብሉይ ተብሎ ባልተጻፈ ነበር። ማንም አልጠየቀውም ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ተቀምጦ እንኳ አልተጠየቀም። አያ ኃይለ ጊዮርጊስ እንደነገረኝ፣ ክሩ ንብረት ክፍል የገባው ወንድሜ በተወሰደ በሦስት ቀኑ፣ ሐሙስ ዕለት ነው፤ ስሙ ሳጥኑ ላይ በገዛ እጁ ተጽፎ እያለ፣ አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ «ባለቤት የሌለው ንብረት» ይላል። አምስት ዓመት ተኩል ስንቅ እያመላለስን፣ የለም ሲሉን ወደ ሌላው በር እየሄድን፣ እናቴ በየወሩ በአሥራ ሁለት ለሚካኤል እየተሳለች የጠየቅነውን ጥያቄ፣ መልሱን ከክሩ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጣችሁት ኖሯል። ስለ ግልጽነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ጎረቤቶቼም እንዳትነግሯት፤ እሷ ማንበብ አትችልም።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ወንድሜን አልጠየቅኩም፤ መቃብሩንም በዚህ ደብዳቤ አልጠየቅኩም፤ ቦታውን የሚያውቅ ክፍል የእርስዎ እንዳልሆነ ይነግሩኛልና። ሁለተኛው ቅጂ ሲዘጋጅ ያችን ስሕተት አታርሟት። ዘፈኖቹን ከፈለጋችሁ እርሟቸው፤ ወደፊቱን ሁለት መቶ አድርሱት፤ ሁለት ትራክተር ጨምሩ፤ እናቴ ሁሉንም በትዕግሥት ትሰማለች፣ ልምድ አላት። መጨረሻዋን ብቻ ተዉላት። ዋናውን ክር ሳይፋቅ መመለስ ከቻላችሁ ደግሞ፣ ባለቤት የሌለው ንብረት ነው እንዳትሉኝ ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ፈርሜ እወስዳለሁ።

ክፍልዎ ድንገት ጠያቂ ቢያገኝ እንዳይቸገር፣ ወንድሜ ሊያስረዳ የሄደውን ቃል እኔ በምችለው ላስረዳ። ብሉዝ ማለት፦ ሰው የሚወደውን ነገር ተወስዶበት፣ የወሰደበት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ መሳደብ ባይችል፣ መማለድም ቢሰለቸው፣ በጣቱ የሚናገረው ነገር ነው። እኔ ጊታር አልችልም። ስለዚህ ይህንን ጻፍኩልዎ።

ይህን ደብዳቤ ሂስ እንድንለጥፍበት በተፈቀደልን በዚያው ግድግዳ ላይ፣ ከማስታወቂያዎ ጎን፣ ቀን በፀሐይ፣ በራሴ እጅ ለጥፌዋለሁ። አንድ ቅጂም በመዝገብ ቤትዎ በኩል ልኬያለሁ፤ ፊደሎቹን እንዳይስቱብኝ ጎላ አድርጌ ነው የጻፍኳቸው። ቤቴን ጓዶች ያውቁታል፤ ዛሬ ማታ ከመጡ ግን እናቴ የሚካኤልን ዋዜማ ስለምታከብር በሩን ቀስ ብለው እንዲያንኳኩ ይንገሩልኝ።

ቃል ለማስረዳት ሁልጊዜ ዝግጁ የሆነች፣ የክፍልዎ ታማኝ አድማጭ፣ የአርአያዋ እናት ልጅና የአንዳርጋቸው እኅት፣ አክብሮቷን እጅ ነሥታ የምታቀርብልዎ፣

እጅጋየሁ ቢያዝን
ከሆስፒታል ካርድ ክፍል

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጓድ ሆይ፣ ወንድሜን የወሰዳችሁት ለአምስት ደቂቃ ነበር። ከዚያ ውስጥ አርባ ሦስት ሴኮንዱን በካሴታችሁ መልሳችሁልናል፤ እግዜር ይስጥልን። አራት ደቂቃ ከአሥራ ሰባት ሴኮንድ ይቀራል። እናቴ ድምፅ ማጉያው ሥር ተቀምጣ እየጠበቀች ነው፤ «ልድገመው» ብሏታልና።